ሚዛን ይመዝናል፤ ሰው ያመዛዝናል

ንባብ፣ ሰዋስውና ድርሰት

ይህ ትምህርት ሦስት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ ሰው መስለው ስለሚሠሩ መኪናዎች የተጻፈ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎ «መዘነ» ከሚለው ግሥ ተነሥታችሁ አምስቱን አዕማደ ግሥ ትለያላችሁ። በመጨረሻም ሳይንስን መሠረት ያደረገ አጭር ልብ ወለድ እንዴት እንደሚጻፍ ታያላችሁ፤ እናንተም ትጽፋላችሁ። ክፍሎቹ የተለያዩ ቢመስሉም የሚያተኩሩት በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ እርሱም «ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከጎናችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተወያዩባቸው።

1. «ሰውነት» እና «ሰብአዊነት» የሚሉት ቃላት ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. አንድ መኪና ስሕተት ቢሠራ የሚጠየቀው ማን ነው?
3. «እንዲህ ተወስኗል» በማለትና «እኔ ወስኛለሁ» በማለት መካከል ልዩነት አለን?

ለ. ምንባብ

«ሮቦት» የሚለው ቃል ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች የሚነገር ቃል ሆኗል። ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ተውኔት ነው። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ገበሬ ለጌታው ያለ ዋጋ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። አያቶቻችን እንዲህ ያለውን ሥራ በሚገባ ያውቁታል፤ ገባሩ የራሱን ማሳ ትቶ በጌታው ሁዳድ ላይ ሲያርስና ሲያርም የሚውልበት ሥራ ነበርና። በተውኔቱ ውስጥ ሮቦቶቹ በፋብሪካ እየተበጁ ይሸጣሉ፤ ሰው የሚጠላውን ሥራ ሁሉ ይሠራሉ፤ በመጨረሻም በፈጠሯቸው ሰዎች ላይ ይነሣሉ። እንግዲህ ቃሉ ገና ሲወለድ ከብረትና ከኤሌክትሪክ ይልቅ ያመለከተው ለራሱ ፈቃድ የሌለውን ሠራተኛ ነበር።

ከቻፔክ በኋላ የተነሡ ደራስያን ስለ ሮቦት ብዙ ጽፈዋል። ከእነርሱ አንዱ አይዛክ አሲሞቭ ነው። አሲሞቭ በ1942 እ.ኤ.አ. በታተመ አጭር ልብ ወለዱ ውስጥ ለሮቦቶች ሦስት ሕጎችን አወጣላቸው። የመጀመሪያው ሰውን እንዳይጎዱ፣ ሁለተኛው ለሰው እንዲታዘዙ፣ ሦስተኛው ራሳቸውን እንዲጠብቁ ያዛል። ሕጎቹ ሲታዩ ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን የአሲሞቭ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት ሕጎቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ የሚፈጠረውን ችግር ነው።

እነዚህ ሁሉ የደራስያን ምናብ ነበሩ። በሰኔ ወር 2010 ዓ.ም. ግን ሰው መሰል ሮቦት ወደ አገራችን መጣች። ስሟ ሶፊያ ይባላል። የሠራት መቀመጫውን በሆንግ ኮንግ ያደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ከምታስብበት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከፊሉ አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ላብስ በኢትዮጵያውያን ወጣት ባለሙያዎች ተዘጋጅቷል። ሶፊያ ፊቷን ታኮሳትራለች፤ ፈገግ ትላለች፤ የሚያነጋግራትን ሰው ዓይን ዓይኑን ታያለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2017 እ.ኤ.አ. የሳውዲ ዓረቢያ መንግሥት ዜግነት ሰጥቷት ስለ ነበር ስሟ በዓለም ታውቆ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ስትጓዝ ከአካሏ ክፍሎች አንዳንዶቹን የያዘ ሻንጣ በመንገድ ላይ ጠፍቶ የጋዜጣዊ መግለጫው ፕሮግራም ተሰረዘ። በኋላ ግን በቤተ መንግሥት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተገናኝታለች፤ አማርኛም እንድትናገር ተደርጋ ነበር።

እስቲ የሻንጣውን ነገር ልብ ብላችሁ አስቡት። አንድ ሰው ሻንጣው ሲጠፋበት ይደነግጣል፤ ይናደዳል፤ «ምን ለብሼ ከሰው ፊት እቀርባለሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ሶፊያ ግን የጠፋው የገዛ አካሏ ሆኖ ሳለ አልተጨነቀችም። የተጨነቁት አብረዋት የተጓዙት ባለሙያዎች ናቸው። ፊቷ ጭንቀትን ማሳየት ይችላል፤ ጭንቀቱ ግን የእርሷ አይደለም።

በመምሰልና በመሆን መካከል ያለው ይህ ልዩነት ለሊቃውንት አዲስ ጥያቄ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ ፈተና ሐሳብ አቀረበ። መርማሪው ሳያያቸው ከአንድ ሰውና ከአንድ መኪና ጋር በጽሑፍ ይነጋገር፤ የትኛው ሰው የትኛው መኪና እንደ ሆነ መለየት ካቃተው መኪናው ያስባል ብንል ምን ይከለክላል? አለ። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የአሜሪካ መምህር ኤላይዛ የሚባል የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጀ። ፕሮግራሙ የሚያደርገው ነገር እጅግ ቀላል ነበር፤ የተናጋሪውን ቃል ወደ ጥያቄ እየለወጠ ይመልስ ነበር። ለምሳሌ «አዝኛለሁ» ያለውን ሰው «ለምን አዘንህ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ያለ ነው። ሆኖም ሲሠራበት ያየችው የገዛ ጸሐፊው እንኳ ከፕሮግራሙ ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ፈልጋ ዋይዘንባውምን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። መምህሩ በዚህ እጅግ ተገረመ፤ ከዚያም በኋላ ሰዎች ለመኪና የማይገባውን እምነት እንዳይሰጡ በመምከር ዕድሜውን አሳለፈ። በዘመናችን ያሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ከኤላይዛ እጅግ የላቁ ናቸው፤ ድርሰት ይጽፋሉ፣ ሒሳብ ያስላሉ፣ በአማርኛም ይመልሳሉ። ስለዚህ «መልስ ሰጠኝ» ማለት ብቻውን የሰውነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ጥያቄውን ገልብጠን እንየው። እስካሁን የጠየቅነው «መኪና ሰው ሊሆን ይችላልን?» ብለን ነው። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስሕተት ተሠርቷል፤ ይኸውም ሰውን እንደ መኪና፣ እንደ ዕቃ መቁጠር ነው። ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ወደ መቱና ወደ ጎሬ እንሂድ።

ኢሉባቦር ዝናብ የማይለየው፣ የቡና ጫካ የለበሰ ምድር ነው። የሶር ወንዝ ፏፏቴ በዚያ ይወርዳል፤ የያዮ የቡና ደን በዚያ ይገኛል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጎሬ ከተማ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫና የታወቀች የንግድ ቦታ ነበረች። ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፤ ከዚያም በባሮ ወንዝ በጀልባ ወደ ሱዳን ይሻገራል። ይህ ንግድ ለአንዳንዱ ሀብት፣ ለሌላው መከራ ነበር። ገበሬው ገባር ተብሎ ለሹሙና ለወታደሩ ይደለደላል፤ እህሉን ይገብራል፤ ማገዶ ይለቅማል፤ ቤት ይሠራል፤ ዕቃ ይሸከማል። ከዚህም የከፋው የባሪያ ንግድ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፊ ነበር። ሰው እንደ ቡናው ጆንያ ዋጋ ይወጣለት ነበር።

ይህን ያደርጉ የነበሩ ሰዎች ባሪያው እንደሚናገር፣ እንደሚያለቅስ፣ ልጆቹን እንደሚወድ ያውቁ ነበር። ማስረጃ አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ያንን ሰው «ማን?» ብሎ የመጠየቅ ፈቃድ ነበር፤ «ስንት ያወጣል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። በኢትዮጵያ ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገውና የጭሰኝነትን ሥርዓት ያስቀረው አዋጅ ደግሞ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ። ልብ በሉ፤ አሲሞቭ ሮቦት ለሰው መታዘዝ አለበት የሚለውን ሕግ ባሳተመበት በ1942 እ.ኤ.አ.፣ እርሱም በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም.፣ በአገራችን ሰው ለሰው ንብረት መሆኑ ይብቃ የሚል አዋጅ ተነገረ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ሰብአዊነትን የፈተና ውጤት ካደረግነው፣ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ብርቱው ሰው ደካማውን ይጥለዋል። ገና መናገር ያልጀመረ ሕፃን፣ በሕመም ምክንያት ማስታወስ ያቃታቸው አዛውንት፣ ቋንቋችንን የማያውቅ እንግዳ፣ ሁሉም ሰዎች ናቸው። ሰውነታቸውን እንዲያስረዱ አንጠይቃቸውም። ሕፃኑ ቃል መግባት አይችልም፤ እናቱ ግን ስለ እርሱ ቃል ትገባለች። አዛውንቱ ዕዳቸውን ረሱ፤ ልጃቸው ይከፍልላቸዋል። ሰው ከሰው ተወልዶ፣ በሰው እጅ አድጎ፣ በሰው ትከሻ ወደ መቃብር ይወርዳል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው ብሂላችንም ይህንኑ ይናገራል።

ታዲያ መኪና የሚጎድለው ምንድን ነው? ብልሃት ነው እንዳንል፣ በብዙ ነገር ይበልጠናል። ቋንቋ ነው እንዳንል፣ ይናገራል። የሚጎድለው ለሠራው ሥራ ባለቤት መሆን ነው። መኪና ይሳሳታል እንጂ አይጸጸትም፤ ሰውን ይጎዳል እንጂ ይቅርታ አይጠይቅም፤ «እከፍላለሁ» ብሎ ይናገር እንደ ሆነ እንጂ ዕዳ የለበትም። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» ይባላል። ዕዳ ሊኖርበት የማይችል ቃል ሊሰጥ አይችልም።

እንግዲህ ሰው መሰል መኪናዎች ሲበዙ የሚያስፈራው ነገር አንድ ቀን መኪናው «እኔ ሰው ነኝ» ማለቱ ብቻ አይደለም። ይበልጥ የሚያስፈራው ሰው ከመኪናው ጀርባ ተሸሽጎ «እኔ አይደለሁም፤ መኪናው ነው» ማለቱ ነው። የቡና ሚዛን ሲያጎድል፣ የባንክ ሒሳብ ሲዛባ፣ የተማሪ ውጤት ሲሳሳት፣ ከመኪናው በስተጀርባ ያዘዘ፣ የጻፈ፣ ያላየ ወይም አይቶ ዝም ያለ ሰው አለ። ያ ሰው ወደ ፊት ወጥቶ «እኔ ነኝ» ሲል ሰብአዊነቱን ያሳያል።

ሐ. የቃላት ፍች

ሁዳድ — ገባሮች በግዴታ የሚያርሱት የጌታ ወይም የመንግሥት መሬት።
ገባር — ግብር የሚገብር፣ ለሹም የጉልበት ሥራ የሚሠራ ገበሬ።
ሰውነት — የሰው አካል፣ ገላ፤ ደግሞም ሰው መሆን።
ሰብአዊነት — ሰው የመሆን ጠባይና ክብር። «ሰብእ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ነው። በኦሮምኛም «ነማ» ሰው ማለት ሲሆን «ነሙማ» ሰብአዊነት ማለት ነው።
ምናብ — በሐሳብ የሚታይ፣ በልብ የሚሣል ነገር።
ጀንፈል — ከነልባሱ የደረቀ ቡና።

መ. ሰዋስው፤ አምስቱ አዕማደ ግሥ

በአማርኛ አንድ ግሥ መልኩን እየለወጠ ድርጊቱን ማን እንደ ፈጸመ፣ በማን ላይ እንደ ተፈጸመና ማን እንዳስፈጸመ ያመለክታል። «መዘነ» የሚለውን ግሥ ተመልከቱ።

1. አድራጊ፦ መዘነ። ሠራተኛው ቡናውን መዘነ።
2. ተደራጊ፦ ተመዘነ። ቡናው ተመዘነ።
3. አስደራጊ፦ አስመዘነ። ገበሬው ቡናውን አስመዘነ።
4. ተደራራጊ፦ ተመዛዘነ። የሁለቱ ሰዎች ኃይል ተመዛዘነ።
5. አደራራጊ፦ አመዛዘነ። ሽማግሌው የሁለቱን ወገን ቃል አመዛዘነ።

በመጀመሪያውና በአምስተኛው መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉ። ለመመዘን አንድ ነገርና አንድ ሚዛን ይበቃሉ። ለማመዛዘን ግን ቢያንስ ሁለት ነገሮችን አቅርቦ፣ ለሁለቱም ጆሮ ሰጥቶ፣ በኅሊና ፈርዶ፣ ለፍርዱም ተጠያቂ መሆን ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሚዛኑ መዘነ» እንላለን፤ «ሚዛኑ አመዛዘነ» ብንል ግን ሰሚው ይስቃል። ቋንቋችን ልዩነቱን በአንዲት ፊደልና በአንድ ድግግሞሽ ለይቶ አስቀምጦታል።

ስለ ተደራጊ ግሥ። በተደራጊ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የድርጊቱ ፈጻሚ ሊጠቀስም ሊቀርም ይችላል። «የያዮ የቡና ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ» ስንል መዝጋቢው «በ» በሚለው መስተዋድድ ታውቋል። «መንገዱ ተጠገነ» ስንል ግን ጠጋኙ አልታወቀም። ፈጻሚው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ጊዜ ይህ አነጋገር ትክክለኛ ነው። ፈጻሚው እየታወቀ ለመሸሸግ ሲባል ብቻ «ተቀነሰ»፣ «ጠፋ»፣ «ተወሰነ» ማለት ግን ሰዋስው ቢፈቅደውም እውነት አይፈቅደውም። ጥሩ ጸሐፊ ተደራጊ ግሥ በጻፈ ቁጥር «በማን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ስለ መጠይቅ ተውላጠ ስም። «ማን» ለሰው፣ «ምን» ለሰው ላልሆነ ነገር ይነገራል። በምንባቡ ውስጥ ስለ ሶፊያ ስንጽፍ «መጣች»፣ «ታያለች» ብለናል፤ ሰው መሰል በመሆኗ ልማዱ ይህን ይፈቅዳል። ዳሩ ግን በትክክል ለመናገር «ሶፊያ መጣች» ከማለት «ባለሙያዎቹ ሶፊያን አመጧት» ማለት እንደሚሻል ልብ በሉ።

ሠ. ድርሰት፤ ሳይንስን መሠረት ያደረገ ልብ ወለድ

የሚከተለው ታሪክ በምናብ የተደረሰ ነው። ከጸሐፊው ዘመን ወደ ፊት ባለ ጊዜ፣ በመቱ ከተማ አካባቢ በሚገኝ የቡና መረከቢያ ውስጥ ይፈጸማል። ስታነቡት ተደራጊ ግሦችን ለዩ።

ወሩ ጥር ነው። አሮጊቷ በሁለት ጆንያ የሞላ ጀንፈል በአህያ አስጭነው ከልጅ ልጃቸው ጋር ከመረከቢያው ደረሱ። መዛኙ ሰው መሰል መኪና ነበር፤ ሸማ የመሰለ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉንም በትሕትና ይቀበላል። ጆንያዎቹን አንሥቶ እንደ ላባ አስቀመጣቸው።

«ሠላሳ ስምንት፤ ሠላሳ ስምንት። በድምሩ ሰባ ስድስት ኪሎ ነው፤ እናመሰግንዎታለን» አለ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ ጧት በወፍጮ ቤቱ ሚዛን አስመዝነነው እያንዳንዱ አርባ ኪሎ ነበር» አለች።

«ከእያንዳንዱ ጆንያ ሁለት ኪሎ እንዲቀነስ ተወስኗል።»

«በማን ተወሰነ?»

«ተወስኗል።»

«ለምን ተወሰነ?»

«ተወስኗል» አለ መኪናው በዚያው ለስላሳ ድምፅ።

ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ዝም አሉ። ጥግ ላይ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው ወጣት መዝጋቢ ብዕሩን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ።

«ተዪው፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «መኪና ይሳሳታልን?»

«አኮ፣ መኪና አይወስንም» አለች ልጅቱ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው።

መዝጋቢው ከመቀመጫው ተነሣ። «እማማ፣ እኔ ነኝ። በጥቅምት ዝናቡ ሳያባራ ቡናው እርጥብ ስለ ነበር ሁለት ኪሎ እንዲቀነስ ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ትእዛዙን ማንሣት ነበረብኝ፤ አላነሣሁም። ትናንት አስታውሼ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ያስረከቡት እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ዝም አልሁ። ለእርስዎም ለእነርሱም የጎደለውን እመልሳለሁ።»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም በምርኩዛቸው ወደ መኪናው አመለከቱ። «እርሱን አልተቀየምሁትም፤ ምን ያውቃል ብዬ? አንተን ግን ተቀይሜህ ነበር» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ጨመሩ፤ «እንግዲህ ይቅር ብዬሃለሁ። መዝገቡን አምጣና ከፊተኛው ስም እንጀምር።»

መኪናው ቀጣዩን ጆንያ አነሣ። «ሠላሳ ዘጠኝ» አለ።

ይህ ታሪክ እንዴት እንደ ተገነባ ተመልከቱ፤ ስትጽፉም እነዚህን ምክሮች ተከተሉ።

አንደኛ፣ በታሪኩ ውስጥ አዲስ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው መሰሉ መዛኝ። ጀንፈሉ፣ አህያው፣ የጥቅምቱ ዝናብ፣ ወፍጮ ቤቱ ሁሉ አንባቢው የሚያውቃቸው ናቸው። አዲሱ ነገር ጎልቶ የሚታየው በሚታወቁ ነገሮች መካከል ሲቀመጥ ነው። በአንድ ገጽ አምስት ተአምር የሚያከማች ጸሐፊ አንባቢውን አንዱንም አያሳምነውም።

ሁለተኛ፣ ከመኪናው በፊት ጥያቄውን ምረጡ። ጸሐፊው «ሮቦቱ ምን ያህል ይበራል?» ብሎ አልጀመረም፤ «በመኪና የተሠራ ጥፋት የማን ነው?» ብሎ ጀመረ እንጂ። ጥያቄው ከታወቀ ሰዎቹና ቦታው ይከተላሉ።

ሦስተኛ፣ በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። መዝጋቢው መልካም ምክንያት ይዞ ጀመረ፤ ዘነጋ፤ ፈራ፤ በመጨረሻ ግን ወጣ። አንባቢ ራሱን የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ሰው ውስጥ ነው።

አራተኛ፣ የንግግሩን ደረጃ ጠብቁ። ወጣቱ አሮጊቷን «እማማ»፣ «እርስዎ» ይላቸዋል፤ እርሳቸው «አንተ» ይሉታል። መኪናውም «እርስዎ» ይላል፤ አክብሮቱ ግን የተሞላለት ቃል ነው። የአክብሮት ቃልና አክብሮት አንድ አለመሆናቸውን ያለ አንዳች ማብራሪያ ያሳያል።

አምስተኛ፣ መደምደሚያችሁን ስብከት አታድርጉት። በታሪኩ መጨረሻ መኪናው ሥራውን ይቀጥላል፤ የተለወጠው ሰው ነው። የቀረውን ለአንባቢው ተዉለት።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. «ሮቦት» የሚለው ቃል ከሁዳድ ሥራ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው?
2. የሶፊያ ሻንጣ መጥፋት ለምን እንደ ምሳሌ ቀረበ?
3. የቱሪንግን ፈተና በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ። በኤላይዛ ላይ የደረሰው ነገር ስለ ፈተናው ምን ያስተምራል?
4. «ሰብአዊነትን የፈተና ውጤት ካደረግነው» ብርቱው ደካማውን ይጥለዋል የሚለውን ሐሳብ ከኢሉባቦር ታሪክ በተወሰደ ማስረጃ አብራሩ።
5. ሕፃን ልጅና መኪና ሁለቱም ለሥራቸው ኃላፊ ሊሆኑ አይችሉም። ታዲያ ጸሐፊው ሕፃኑን ከመኪናው የሚለየው በምን ምክንያት ነው? በምክንያቱ ትስማማላችሁን?

መልመጃ ሁለት። «ከፈለ»፣ «ለወጠ»፣ «መረጠ» የሚሉትን ግሦች በአምስቱ አዕማድ እያረባችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

መልመጃ ሦስት። በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ፈጻሚው ተሸሽጓል። ተስማሚ ፈጻሚ ፈልጋችሁ በአድራጊ ግሥ መልሳችሁ ጻፉ።

1. የተማሪዎቹ ደብተር ሳይታረም ተመለሰ።
2. ከደመወዙ ላይ ሃያ ብር ተቆረጠ።
3. ዛፉ በሌሊት ተቆረጠ።
4. ስሟ ከመዝገቡ ተሰረዘ።

መልሳችሁ ከጻፋችሁ በኋላ የትኛው አነጋገር ለመናገር ይበልጥ ድፍረት እንደሚጠይቅ በክፍል ተወያዩ።

መልመጃ አራት። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ አጭር ልብ ወለድ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስፍሩ፤ የእያንዳንዱንም አንቀጽ ኀይለ ቃል አዘጋጁ።

1. በበደሌ ከተማ አንድ ሰው መሰል መኪና ዕድር ልግባ ብሎ ለዳኛው አመለከተ። ዕድርተኞቹ ምን መከሩ? ለቅሶ መድረስ የሚችለውስ ማን ነው?
2. የሶር ወንዝ ውሃ በጎደለበት ዓመት ኤሌክትሪክ ለሆስፒታሉና ለሮቦቶቹ በአንድነት አልበቃም። ሮቦቱ ተጠየቀ።
3. በጎሬ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የአያታቸውን የገባርነት ታሪክ ለአንድ መኪና ተረኩለት። መኪናው ቃል ሳይስት ደገመው። የልጅ ልጃቸው ግን ሲሰማ አለቀሰ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰታችሁን ጮክ ብላችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ጓደኛችሁ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር መልሱ በድርሰታችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ አርሙ። ካረማችሁም በኋላ ከግርጌው ስማችሁን ጻፉበት፤ ለጻፋችሁት ቃል ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁና።